ከአዳራሹ በታች የነበረው ግድግዳ

በሰው ፊት ቆሜ የተናገርኩት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው መሰከርኩ፤ በሁለተኛው ያንን ምስክርነት በገዛ አፌ አፈረስኩ።

አዳራሹ ያለው ከጄኔቫ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ርቆ፣ ሐይቁን ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን የሠራው እንግሊዛዊ ነው ይባላል። ሚስቱ ሳንባዋን ታማ ለአየሩ ሲል ወደዚህ መጣ፤ የአባቱን ቤት ረስቶ መኖር ስላልሆነለት ግን ንድፉን አስመጥቶ ድንጋዩ የዚህ አገር፣ መልኩ የዚያ አገር የሆነ ቤት አቆመ። ይህን የነገሩን ግቢውን የሚጠብቁት አዛውንት አትክልተኛ ናቸው። እንግሊዛዊው ቤቱ ካለቀ በኋላ አንድ ዓመት ብቻ እንደኖረበትም ነግረውናል። ለምን እንደሄደ አያውቁም። ወይም ሊነግሩን አልፈለጉም።

እኔ የምኖረው ዙሪክ፣ ዜባህ ነው። ሥራዬ ዋሊሰለን ባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ወተትና እርጎ መደርደር ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በመጀመሪያው ባቡር ወደ ጄኔቫ እሄዳለሁ፤ እዚያ ሰርቬት ሰፈር ታላቅ እህቴ አለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ስትለቅ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ዓመታት አልፈው በሌላ መንገድ ስከተላት ደግሞ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የት እንደሚኖር የሚወስኑት የስዊዝ ባለሥልጣናት ስለሆኑ እኔን ዙሪክ መደቡኝ። እታለም ነው የምላት።

እታለም የምትሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። የምታገባውን ሰው ያገኘችው አርባ ዓመት ሊሞላት ሁለት ሲቀራት ነው፤ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ሳቅ የሚወድ ሰው። ሠርጋቸው ለሰኔ፣ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ቦታው ያ አዳራሽ ሆነ። ያን ሠርግ ከዚያ አዳራሽ ማስወጣት የእኔ ዕዳ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ስለ ቤት የማውቀውን ማንም አላስተማረኝም። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ ክረምት ለግንበኞች ድንጋይና ጭቃ አቀብዬአለሁ፤ ውሃ ልክ፣ ቱንቢና ሲባጎ ምን እንደሚሠሩ ያየሁት ያኔ ነው። የቀረውን ያገኘሁት ከብሮኪ ነው፤ ሰው የጠላውን ዕቃ የሚያመጣበት፣ ሌላው እየመረጠ የሚገዛበት መጋዘን። አንድ ቀን እዚያ ሽፋኑ የተላጠ፣ በእንግሊዝ የገጠር ቤቶች ንድፍ የተሞላ የጀርመንኛ መጽሐፍ አገኘሁ። በስልኬ መዝገበ ቃላት እየፈታሁ ሁለት ዓመት አነበብኩት። የጌቶቹ መተላለፊያና የአገልጋዮቹ መተላለፊያ እንዳይገናኙ እንዴት ተደርጎ እንደሚሠራ፣ መስኮቱ ወደ ላይ ሲገፋ እንዳይወድቅ ግድግዳው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ ብረት እንዳለ፣ የቤቱ ፊት ቀኝና ግራው እኩል እንዲሆን ሲባል ከጀርባው ክፍል የሌለው መስኮት እንደሚሠራ ከዚያ ተማርኩ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ተማርኩ፦ የላይኛው የሚቆመው በታችኛው ላይ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ሰው ግን ይረሳዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ መቶ ሠላሳ ሰው ያህል። ብዙ ጊዜ በአንድ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ስትሰበሰብ ቆይታ መሪያችን ይህን ቤት አገኙላት። ባለቤቶቹ ሩቅ የሚኖሩ ወራሾች ናቸው፤ ላይኛውን አዳራሽ ለእሑድ ያከራያሉ፣ ምድር ቤቱን ቆልፈው ይተዋሉ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቤቱ ከመጽሐፌ ወጥቶ የቆመ መሰለኝ። ግራጫ ጥርብ ድንጋይ፣ በሩ ልክ መሀል ላይ፣ አራት ጭስ መውጫ፣ ፎቁ ላይ ዘጠኝ መስኮት። ውስጥ ገብቼ ስቆጥር መስኮቶቹ ስምንት ሆኑብኝ። ወጥቼ እንደገና ቆጠርኩ። ዘጠነኛው ከውጭ መስተዋት አለው፤ ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ግን ጥቁር የተቀባ ግንብ ነው። ይህ ቤት ለመልኩ ሲል ይዋሻል አልኩ በልቤ። በዚያን ቀን ውሸቱም አምሮ ነው የታየኝ።

አዳራሹ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ርዝመቱ ሃያ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ወርዱ ሰባት ሜትር ከአሥር። እንግሊዞቹ እንዲህ ያለውን ክፍል የሚሠሩት ዝናብ ሲሆን ከቤት ሳይወጡ ለመንሸራሸር ነው። ሁለት ሦስት ሰው ቀስ ብሎ እያወራ እንዲመላለስበት።

እኛ መቶ ሠላሳ ሆነን ዘለልንበት።

እንዴት እንደምንዘምር ያየ ያውቀዋል። ዝማሬው ሲግል ሁሉም በአንድ ምት ይነሣል፣ በአንድ ምት ይወርዳል። በዚያች እሑድ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜ ሳለሁ ወለሉ ከእግሬ በታች ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ በቁርጭምጭሚቴ አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። ጥገኝነት ጠይቄ ስጠብቅ ከቆየሁበት ጊዜ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ቀን አለቀስኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ፣ ምን እንዳስነሳኝ እንጃ፣ ተነሣሁ። «ቤቱ ሲናወጥ ተሰማኝ» አልኩ። «በሐዋርያት ዘመን እንደሆነው።» አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ብዙ ሰው እኔም ተሰምቶኛል፣ እኔም፣ እኔም አለ። መሪያችን መጥተው ራሴን ይዘው ባረኩኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሎዛን ደረሰ፣ በርን ደረሰ። ሰዎች መናወጡን ሊያዩ መምጣት ጀመሩ። መናወጡ ሲዘገይባቸው ይበልጥ ይዘሉ ነበር።

በሚያዝያ እታለም «ለሠርጉ ጠረጴዛና ወንበር የት የት እንደሚቀመጥ ሥራልኝ፤ ሁለት መቶ ሰው ጠርቻለሁ» አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ከአገልግሎቱ በኋላ ሰው ሣሩ ላይ ተበትኖ ሲያወራ ሜትሬን ይዤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለካሁ። ሙሽራው ኪቦርዱን ሲያስር አየኝና ሳቀ።

«የእርጎ ኢንጂነር! ምን ጠፋብህ?»

«የጠረጴዛ ቦታ ነው የምለካው።»

«የእኔን ወንበር ከሚዜዎቹ ራቅ አድርግልኝ፣ አማቼ። ምግብ ይሻሙኛል።»

«ያንተን በር ላይ አደርገዋለሁ፤ ሐሳብህን ብትቀይር እንዲመችህ።»

«አይ አንተ! ዝም ያለ መስሎህ ነው እንጂ ይህ ልጅ መርዝ ነው» አለ ለራሱ፣ እየሳቀ ወጣ።

ጠረጴዛ እንዳይወላገድ ወለሉ ቀጥ ያለ መሆኑን ማየት ነበረብኝ። ሁለት እኩል እንጨቶች በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር አቁሜ ሲባጎ ወጠርኩባቸው፤ ከሲባጎው እስከ ወለሉ ያለውን በየሜትሩ ለካሁ። መሀሉ ከዳሩ በአራት ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። አልደነገጥኩም። አሮጌ ቤት እንደ አሮጌ ሰው ይጎብጣል። ቁጥሩን ከእርሳስ ንድፌ ጎን ጻፍኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጻፍኩትን ላረጋግጥ መልሼ ወጠርኩ። አራት ከዘጠኝ ሆነ። እንጨቶቹን አገላበጥኩ፣ ሲባጎውን ቀየርኩ፣ እንደገና ለካሁ። አራት ከዘጠኝ።

ቤት ይሰምጣል፤ ግን በዓመታት እንጂ በሳምንታት አይደለም። ያን ዕለት በባቡሩ መስኮት ስመለከት ሜዳው፣ ቤቱ፣ የደወል ማማው ሁሉ ያጋደለ መሰለኝ።

በሚቀጥለው መምጫዬ አትክልተኛውን ፍለጋ ሄድኩ። ፈረንሳይኛዬ ትንሽ ነው፤ በእጄ ወደ ታችኛው በር አመለከትኩ፣ ንድፌን አሳየኋቸው። ንድፉን ዘቅዝቀው አዩት፣ አቃንተው አዩት፣ ከዚያ ቁልፋቸውን አወጡ። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከላይኛው አዳራሽ ጋር እኩል የሆነ አንድ ሰፊ ክፍል፣ ጥግ ላይ የተከመረ ወንበር፣ ከኮርኒሱ መሀል የተንጠለጠለ የብረት መብራት። ክፍሉ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። በመጽሐፌ ውስጥ እንዲህ ባለ ቤት ከፊት ለፊቱ ክፍሎች ጀርባ አገልጋዮች ሳይታዩ የሚያልፉበት መተላለፊያ አለ፤ መተላለፊያውን ከክፍሎቹ የሚለየው ግድግዳ በቤቱ ርዝመት ይሄዳል። የላይኛውን ወለል የተሸከሙት ወራጅ እንጨቶች መሀላቸውን የሚያሳርፉት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ቀና አልኩ። የኮርኒሱ ጄሶ በአበባ ቅርጽ የተሠራ ነው። አበቦቹ ከፊት ግድግዳው ተነሥተው እየተደገሙ ይመጡና አንድ ቦታ ላይ ይቋረጣሉ፤ አርባ ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ልሙጥ ልስን ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ከዚያ አበቦቹ ይቀጥላሉ። ወለሉንም አየሁ፤ በዚያው ልክ፣ በዚያው መስመር፣ ቀለሙ የተለየ ድንጋይ ተነጥፏል። ጣቴን በመስመሩ ላይ ወደ ላይ አነሣሁና አትክልተኛውን አየኋቸው። እጃቸውን እንደ መጋዝ አንቀሳቀሱ። ከምልክታቸውና ከለየኋቸው ጥቂት ቃላት የገባኝ ይህ ነው፦ ከእሳቸው በፊት ነው፤ ለግብዣ ክፍሉን ለማስፋት ሲባል ግድግዳውን አንስተውታል። ከዚያ ትከሻቸውን ነቀነቁ፣ መብራቱን አጥፍተው እስክወጣ ጠበቁ።

ወደ ላይ ወጥቼ ሲባጎዬን ወጠርኩ። አምስት ከስምንት።

መሪያችንን ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አገኘኋቸው። ስድሳ ያለፉ፣ ለብዙዎቻችን ጠበቃ ፈልገው፣ ሆስፒታል አብረው ሄደው፣ ሬሳ አገር ቤት ልከው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ አጠገባቸው ስቆም የተማሪ ቤት ልጅ እሆናለሁ። ወረቀቱን አሳይቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ይህ ቤት ስንት ዘመን ቆመ?»

«ከመቶ ዓመት በላይ፣ ጋሼ።»

«አንተ ከመጣህ?»

«ሦስት ወር።»

«እና ቤቱ አንተን ጠብቆ ነው የሚወድቀው?»

«ጋሼ፣ ድሮ ማንም አልዘለለበትም።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «መናወጡን የመሰከርከው አንተ አይደለህ? ከዚህ ቦታ ቆመህ? ስንት ሰው በዚያ ቃል ተጽናና! ዛሬ ደግሞ በሲባጎ ለካሁት ትለኛለህ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማዘጋጃ ቤት ብናመለክት የሚመጣው ማነው? መዝጋቢ፣ ፖሊስ። ከመካከላችን የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ስንት እንደሆኑ ታውቃለህ። እነሱን አስይዤ ወለል ላስጠግን?» እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «የፍርሃት መንፈስ ነው፣ ልጄ። ጸልይ። እኔም እጸልይልሃለሁ።»

ንድፌን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ስለ መኖሪያ ወረቀቱ ያሉት እውነት ነበር። ስለ ምስክርነቱ ያሉትም እውነት ነበር።

ለእታለም በዚያው ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቷ ውስጥ ነገርኳት። የሠርግ ጥሪ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ንድፉን ስዘረጋ ካርዶቹን ሰብስባ ደረቷ ላይ ያዘቻቸው።

«ጠረጴዛ ሥራልኝ ነው ያልኩህ።»

«አውቃለሁ።»

«ቁጥር አታሳየኝ። ቁጥር አልችልም። አራት ሳምንት ሙሉ እያወቅክ ነው ዝም ያልከው?»

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።»

«አሁንስ እርግጠኛ ነህ?»

«መቼ እንደሚወድቅ አላውቅም። እንደሚወርድ ግን አውቃለሁ። በየሳምንቱ ይወርዳል።»

ካርዶቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «እኔን ለመዳር አርባ ዓመት የጠበቀ ሰው ሁሉ እዚያ ይመጣል» አለችና ወደ ማጠቢያው ዞራ የታጠበ ሰሃን እንደገና አጠበች።

በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት አልደወለችልኝም። እኔም ዋሊሰለን እርጎ እየደረደርኩ ስለ ቁጥሩ ብቻ አስብ ነበር። መደርደሪያው በካርቶን ሲሞላ ትንሽ ይጎብጣል፤ ያን ከዚያ በፊት አስተውዬው አላውቅም። ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴ ቀደድኩት። በጠባቧ አልጋዬ ላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የማውቃቸው ፊቶች ቁጥር ነበር፤ ወረቀት የሌላቸው፣ ልጅ ያላቸው፣ መሀል ላይ መቆም የሚወዱት።

ከሠርጉ ስድስት ቀን የቀደመችው እሑድ አዳራሹ ከወትሮው ይልቅ ሞላ። ከሩቅ ለሠርጉ የመጡ እንግዶችም ነበሩ። ሕፃናቱን እንዲያዩ ብለው መሀል ላይ አቆሟቸው። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሣሁ። ከወለሉ መሀል ርቄ በግድግዳው ዳር ቆምኩ።

«ባለፈው የመሰከርኩት ስህተት ነው» አልኩ። «የተናወጠው ወለሉ ነው። ከታች ግድግዳ ነበረ፤ ተነሥቷል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትዝለሉ።»

ማንም አሜን አላለም። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ጌታ ሆይ» ስትል ሰማሁ፤ አንድ ጎልማሳ «ይገሥጽህ» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅኩም። መሪያችን ተነሥተው «ለወንድማችን እንጸልያለን» አሉና ለሙሽራው ምልክት ሰጡት። ሙሽራው አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ጣቶቹ ግን ኪቦርዱ ላይ አረፉ፤ ፈጣኑ ዝማሬ ተነሣ። ሰው ሁሉ ተነሣ።

በር ጋ ስደርስ እጅጌዬን የያዘኝ እጅ የእታለም ነበር።

«አሳየኝ» አለች።

አትክልተኛው በሩን ከፈቱልን። ከላይ መቶ ሃምሳ ሰው ሲዘል ከታች ሆኖ መስማት ሌላ ነገር ነው። ዜማው አይሰማም። የሚሰማው ምቱ ብቻ ነው፤ እንደ ትልቅ እንስሳ ልብ። የብረቱ መብራት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል። በልሙጡ ልስን ላይ፣ ከዚህ በፊት ያላየሁት ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል፤ በእያንዳንዱ ምት ይከፈትና ይዘጋል፣ እንደ ከንፈር። ከእያንዳንዱ መዘጋት ነጭ ዱቄት ይወርዳል። ወንበሮቹ ነጭ ሆነዋል። እኛ እያየን አንድ የጄሶ አበባ ተላቀቀና ድንጋዩ ላይ ወድቆ ደቀቀ።

እታለም አልጮኸችም። ቀና ብላ ስንጥቁን በዓይኗ ተከተለችው።

«ልጆቹ መሀል ላይ ናቸው» አለች።

ልትሮጥ ስትል ያዝኳት። «ከጮኽሽ ይሮጣሉ፤ ሁሉም በአንዴ በመሀል ወደ ትልቁ ደረጃ ነው የሚሮጡት።»

አንድ ጊዜ ተነፈሰች። እሷ በሥራዋ እሳት ቢነሳ መራመድ የማይችሉ ሽማግሌዎችን እንዴት ሳያስደነግጡ እንደሚያወጡ ተምራለች፤ በየዓመቱ ይለማመዱታል። ፊቷን በሻርፗ ጠረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለችና ቀስ ብላ በቤቱ ጥግ ባለው ጠባቡ የአገልጋዮች ደረጃ ወጣች። እኔም ተከተልኳት። በግድግዳው ሥር ሥሩን ይዛ እስከ ኪቦርዱ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ ለሙሽራው አንድ ነገር ሹክ አለችው። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ዝማሬው ግን ረገበ፣ ቀጥሎ ወደ ዝግተኛ ዜማ ተለወጠ። ሰው መዝለሉን ተወ።

ከዚያ ማይኩን ያዘች። ፈገግ ብላ ነበር።

«ቅዱሳን፣ ሙሽራ አንድ ነገር ትለምናለች። ቅዳሜ አጀቡኝ ስላችሁ እንዳትጋፉ፣ ዛሬ አጀባውን እንለማመዳለን።»

ሳቅ፣ እልልታ። እምቢ የሚል ማን አለ? ሙሽራ ስትለምን እምቢ አይባልም።

«ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ በግድግዳው ዳር ዳር፣ ዝግ ብላችሁ፣ በዚህ በትንሿ ደረጃ። ልጆች መጀመሪያ። ምሳውም ሣሩ ላይ ነው፤ የተጋፋ አይበላም።»

«በአገልጋዮች ደረጃ?» አለ አንዱ።

«ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አለችው አንዲት እናት፤ ሰው ሳቀ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ሁለት ሁለት እየሆኑ በቀኝና በግራ ግድግዳ ሥር ያልፋሉ፤ እያጨበጨቡ፣ እየዘመሩ፣ ልጅ እየመሩ። አዳራሹ መሀሉ ባዶ ሆነ። ባዶው ወለል ላይ ብርሃን ወድቆ የወረደው መሀሉ ጎልቶ ታየ፤ እንደ ሣህን። በሰልፉ ውስጥ አንድ ሁለቱ ሲያዩትና ዝም ሲሉ አስተዋልኩ። አንድ ጎረምሳ በደስታ መሀል ላይ ገብቶ እስክስታ ሊወርድ ሲል እታለም ክንዱን ይዛ፣ እየሳቀች፣ ጥፍሯን አስገብታበት መለሰችው። ኪቦርዱ አላቋረጠም። ሙሽራው የሚጫወተው ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ መሣሪያውን እንደበራ ትቶት ወጣ።

የቀሩት መሪያችን ብቻ ናቸው። በአዳራሹ ዳር ቆመው ባዶውን ወለል ይመለከቱ ነበር። ከታች አንድ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንጨት ሲጨነቅ የሚያወጣው።

«ከታች ያለው ምንድን ነው ያልከኝ?» አሉ።

«ምንም የለም፣ ጋሼ። ግድግዳው ተነሥቷል።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ያዝኳቸው። በግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ሄድን።

ሣሩ ላይ ሰው ምሳ እየበላ፣ አሁንም አጀባ መስሎት እየሳቀ ነበር። ቤቱ ከኋላቸው ቆሟል፤ ዘጠኝ መስኮቱ እኩል፣ በሩ መሀል ላይ፣ ምንም እንዳልነካው። መሪያችን ወረቀት የሌላቸውን አንድ በአንድ ጠርተው በመጀመሪያው አውቶቡስ ላኩ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው አትክልተኛውን ማዘጋጃ ቤት ደውሉ አሏቸው።

በማግሥቱ የመጣው መሐንዲስ ልስኑን ጥቂት ፍቆ ወራጆቹን አየና፣ ሠራተኞቹን ይዞ ወጥቶ በሩን ቆለፈ ሲሉ አትክልተኛው ለእታለም ነግረዋታል። ስንት ጊዜ ይችል ነበር ብላ ስትጠይቃቸው፣ ያንኑ መሐንዲሱን ጠይቀውት ነበር፤ «ምናልባት አሥር ዓመት፣ ምናልባት አንድ ድግስ» ነው ያለው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም። ጥቂት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኗ ወጥተዋል። የመንፈሱን እሳት ያጠፋው ያ ልጅ ነው ይላሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው። ባቡር ጣቢያ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ዓይኔን ግን አያዩም።

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ እታለም ከጥሪ ካርዶቿ ጋር ሣሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልላት ነበር።

«ዝም በል» አለች። «አምስት ቀን ነው ያለኝ። አዳራሽ የምትፈልግልኝ አንተ ነህ። አንተ ያልለካኸው ቤት ውስጥ እግሬን አላስገባም።»

ከሥራዬ አስፈቅጄ አምስት ቀን ጄኔቫ ውስጥ ዞርኩ። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የስፖርት አዳራሽ፣ የሠራተኞች ማኅበር ክፍል አየሁ፤ አከራዮቹ ሲባጎ ስወጥር እንደ እብድ ያዩኝ ነበር። በመጨረሻ ከሰርቬት ብዙ የማይርቅ፣ በአንድ ሕንፃ ሥር ያለ ሰፊ ክፍል አገኘሁ። ወለሉ ኮንክሪት ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ጠባቂውን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፤ አፈር አለኝ። ሌላ ምንም የለም፣ አፈር። ለእታለም ደወልኩላት፣ «ዝለሉ፣ የሚወርድ ነገር የለም» አልኳት።

ቅዳሜ ሁለት መቶ ሰው ዘለለ። በግድግዳው ሥር ቆሜ እግሬን አዳመጥኩ። ወለሉ እንደ አለት ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ላላ አለ፤ ወደ ምግቡ ሄድኩ። ሣህኔን ይዤ ስመለስ ነው መብራቱን ያየሁት። ከኮርኒሱ የተንጠለጠለው ረጅሙ መብራት ቀስ ብሎ ይወዛወዝ ነበር። በእኛ ምት አልነበረም። በሌላ ምት ነበር፤ ከላያችን ሌላ ሰው የሚዘል ይመስል።

ከታች ያለውን ጠይቄአለሁ። ከላይ ያለውን አልጠየቅኩም።

እታለም ከሙሽሮቹ ወንበር ሆና ዓይኔን ተከትላ ቀና አለች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ እጇ ግን የሙሽራውን እጅ አጥብቆ ያዘ። ሣህኔን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ሳልሮጥ ወደ ላይ ወደሚያወጣው ደረጃ ሄድኩ።